ፎርማት አድርጎ መዝሙር የሚሞላው ባለሙያ

ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ክፍል ማለት እንግዲህ እኔና አለቃዬ ነን። አለቃዬ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ቢሉት ፎርማት፣ ፕሪንተር እምቢ አለ ቢሉት ፎርማት፤ ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል። ከዚያ ባዶ ማሽን መመለስ ነውር ነው ብሎ እስኪጠግብ መዝሙርና ፊልም ይሞላበታል። ለዚህ ቸርነቱ ከተማው በሙሉ «ባለሙያ ማለት እሱ ነው» ይለዋል። ባለሙያ እቴ። ይህን ቃል ስሰማ ቆሽቴ ያርራል።

ጂንካ አቅራቢያ ካለችው ከገዘር ከተማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። የአካባቢውን የአሪ ሕዝብ ቋንቋ፣ የአሪኛ ቃላትን ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀሙ፣ ትርጉሙን በአማርኛ እያስከተሉ፣ ለዓመታት በአንድ ጣት ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላ ቅጂ የላቸውም፤ ያዙ ብሎ የመከራቸውም የለም። አንድ ቀን የሰው ፍላሽ ሲሰኩ ቫይረስ ገባና ፎልደሮቹ ሁሉ አልከፈት አሉ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በሚኒባስ ጂንካ አመጡት።

እኔ ያን ሳምንት ለሥራ ቱርሚ ወርጄ ነበር። ስመለስ መምህሩ ቢሮ ተቀምጠው አለቃዬን ሲያመሰግኑ ደረስኩ።

«ንጹሕ ሆኗል አባቴ» ይላቸዋል። «መዝሙርም ጨምሬልዎታለሁ። የጻፉትን ግን ቫይረሱ በልቶታል።»

«ጌታ ይባርክህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉት።

በልቶታል ይበል? ያ ቫይረስ በየቢሮው የምናውቀው ነው፤ ፋይል ይደብቃል እንጂ አይበላም። የደበቀውን መግለጥ ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ የሚያልቅ ሥራ ነው። የበላው እሱ ራሱ ነው። ማሽኑን ተቀብዬ አንዲት ቃል እንኳ ባወጣ ብዬ ለፋሁ። ከፎርማት በኋላም ዝም ብሎ ቢተወው የሚተርፍ ነገር ይኖር ነበር፤ ግን መዝሙሩና ፊልሙ በላዩ ላይ ተጽፎበታል። የዚያ ሁሉ የአሪ ሽማግሌ ንግግር በህንድ ፊልም ተተካ።

እውነቱን ለመምህሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ሐኪም እንዲህ ቢያደርግ ፈቃዱን ይቀሙታል። የእናንተን ማን ይቀማችኋል?» አሉኝ። የሚቀማ ፈቃድ እንደሌለን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከነገሩኝ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ሞተዋል» አሉ።

ኋላ ለሙያው ደረጃ ይውጣለት፣ ያልተመዘነ አይሥራ ተባለ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። አለቃዬ ጥያቄና መልሱን ሸምድዶ ቀድሞ ምዘናው ገባና አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ መዛኝ ሆኖ ተመደበ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ከፊቴ የተቀመጠው እሱ ነበር።

«ቫይረስ ያጠቃው ኮምፒውተር ቢመጣልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ፣ ጭራሽ እንደማያውቀኝ ሆኖ።

«ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱን እጠይቃለሁ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የመልስ ወረቀቱን አየ።

«እሱ እዚህ የለም» አለና ውጤቴ ላይ «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ፈረመ።