ያልመለስኩት አፉታ

ሌላው ቤት ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፣ ዕቃ ይወረውራል። እናቴ ግን ዝም ትላለች። በልጅነቴ፣ አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ በላይ ባለችው መንደራችን፣ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ፊቷን ነበር። ከተዘጋ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ምን እንዳጠፋሁ ግን አትነግረኝም። ውሃ ስትወርድ እከተላታለሁ፣ እንጨት ስትለቅም እከተላታለሁ፣ «እማ፣ ምን አደረግሁ?» እላለሁ። መልስ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ አንድ ጊዜ ግን ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ከዚያ ድንገት «ነይ ጸጉርሽን ልሥራሽ» ትለኝና ነገሩ ያልፋል። የዘጠኙን ቀን ጥፋቴን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

ይህን የማወራው እናቴን ላማት ብዬ አይደለም። የራሴን ጉድ ላወራ ስለሆነ ነው።

ሐይቅ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኞቼ «እጅሽ ወርቅ ነው፣ ፊትሽን ግን አላህ ያለዝብልን» ይሉኛል። ባሌ ሲያስቀይመኝ ለእሱ አልናገርም፤ የምናገረው ለስፌት መኪናዬ ነው። መኪናዋን እያየሁ «ራት ድስቱ ውስጥ አለ» እላለሁ። እሱም ተጫዋች ነውና ወደ መኪናዋ ዞሮ «አላህ ይስጥልኝ በያት» ይላል። ሳቄን እውጥና ለቀልዱ ቅጣት ሁለት ቀን እጨምርበታለሁ።

ከእናቴ ጋር የተቀያየምነው በወንድሜ ሠርግ ነው። እንግዳ በሞላበት ድንኳን ውስጥ ዘመዶች ስለ ሥራ ክፍፍል ሲያወሩ፣ እናቴ እየሳቀች «ለሷ ቀስ ብላችሁ ንገሯት፤ ይችማ ታኮርፋለች» አለች። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም አኩራፊ ስለተባልኩ አኮረፍኩ። ማታውን ሳልሰናበታት ወደ ሐይቅ ወረድኩ፣ ከዚያም አራት ወር ሙሉ አልደወልኩላትም። ከማን እንደተማርኩት የማታውቅ ይመስል እንዴት ያንን ትናገራለች እያልኩ በሆዴ ስፈጭ ከረምኩ።

በዚያ ሰሞን አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ቀሚስ ልታስለካ መጣች። የሠርጉን ነገር እንዴት እንደነገርኳት አላውቅም፣ ብቻ ነገርኳት። «ዝም ከማለትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ምን ይሰማሻል?» አለችኝ። «ክንድሽን አንሽ የሚል ይሰማኛል» አልኳትና ሜትሬን ዘረጋሁ። ሳቀች፣ ተለካች፣ ሄደች። ጥያቄዋ ግን ሱቄ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ራሴን መሰለል ጀመርኩ። ባሌ አመሻለሁ ሳይል ሲያመሽ መጀመሪያ ጉሮሮዬ ይታነቃል። ንዴት ይመስለኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሳየው ግን ፍርሃት ነው። ያችው እናቷን ከኋላ ከኋላ የምትከተል ልጅ ፍርሃት። ለካ እኔ የማኮርፈው እንዳይኮረፍብኝ ነው። ቀድሜ ከዘጋሁ የሚዘጋብኝ የለም። ይህ ሲገባኝ አፈርኩም፣ አዘንኩም። አንድ ማታ ባሌን ፊት ለፊት «ስታመሽ የምትተወኝ ይመስለኛል» አልኩት። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «በአሥራ አንድ ዓመት ዛሬ ገና ነገርሽኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሲያመሽ ይደውላል፣ እኔም ከመኪናዋ ጋር ወሬ ቀነስኩ።

ለባሌ የከፈትኩትን አፍ ለእናቴ መክፈት ግን ከበደኝ። እናቴም በልጅነቷ ተድራ፣ አማቷ ፊት ቃል መመለስ ነውር የሆነባት ሙሽራ እንደነበረች፣ ከዝምታ በቀር ምንም መመከቻ እንዳልነበራት አሰብኩ። አሳዘነችኝ። ቢሆንም አልደወልኩም። ማወቅ ብቻውን ስልክ አያነሳም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ልብሳቸውን ይጠብቃሉ።

«ልጄ» አለች። «አፉ በይኝ።»

በእኛ አገር አፉታ፣ ይቅር መባባሉ፣ ያለ ጊዜው አይጠየቅም። ረመዳን ሲገባ፣ ሰው ረጅም መንገድ ሲነሳ፣ አለዚያም ሕመም ሲከብደው ነው። ረመዳን ገና ነበር፣ እናቴም ከውጫሌ ገበያ አልፋ የምትሄድበት የላትም። የቀረው ሕመም ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። አፉ በይኝ ብቻ።»

መልሱ ሁለት ቃል ነው። «አፉ ብያለሁ» ማለት። ጉሮሮዬ ታነቀ። ፍርሃት መሆኑን አወቅሁት፤ ስሙን እየጠራሁ፣ እያየሁት ነው የታነቅሁት። «ሰው ቆሞብኛል፣ ቆይቼ እደውላለሁ» አልኩና ዘጋሁባት።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያን ቀን ደስ አለኝ። ፈልጋኝ መጣች፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ትከተለኝ አልኩ። ማክሰኞ ደስታው ጎመዘዘ። ከሐይቁ በኩል የተነሳው ንፋስ የሱቁን ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ሲደበድብ ዋለ፣ እኔም የሰው ጨርቅ አበላሽቼ ቆረጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ እሱም አያነሳም። ባሌ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጅ እንጅ» አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱን ሙሉ የምላትን እደረድር ነበር። አፉ ብያለሁ እላታለሁ፤ ከዚያ አንችም አፉ በይኝ እላታለሁ፤ ከዚያ ያ ዘጠኝ ቀን ምን አጥፍቼ ነበር ብዬ እጠይቃታለሁ፣ ምናልባት አብረን እንስቃለን። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ዱዓ የማደርግ መስሏቸው «አሚን» አሉ። ውጫሌ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት ጣለኝና ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩ። እርሻው ላይ አንድም ሰው የለም። የሥራ ቀን ነው፣ ሰው መኖር ነበረበት።

ከመንደራችን አፋፍ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ቁልቁል እየሮጠች አገኘችኝ። ስታየኝ ቆመች።

«አንች! ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም ነበር። አልፌያት ወደ ቤት ሮጥኩ።

በሕይወት ነበረች። ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሰላት ተነስታ ውዱእ ስታደርግ፣ እግሯን ስትታጠብ ወድቃለች። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቷም ተይዟል። ይሻላታል እየተባለ ዱዓ ሲደረግላት ረፍዶ፣ ወንዶቹ ገና ወደ መኪና መንገድ ሊያወርዷት ቃሬዛ እያሰሩ ነበር፤ ገበሬው ሁሉ እዚያ ነው። ወንድሜ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። አጠገቧ ተንበረከክሁና «እማ፣ አፉ ብያለሁ። ወላሂ አፉ ብያለሁ» አልኳት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «አንችም አፉ በይኝ» አልኩ። ረጅም ጊዜ አየችኝና ዓይኗን ከደነች። ወንዶቹ «በቃ፣ ሳይመሽ እናንሳት» አሉ። «ትንሽ ቆዩ» ብዬ ለመንኳቸው፤ ማንም የምጠብቀው ምን እንደሆነ አልገባውም፣ አነሷት።

ደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። አሁን ሐይቅ እኔ ቤት ናት። አጎርሳታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ጸጉሯን እሠራታለሁ። በየጠዋቱ እንደዚያ ቀን ተንበርክኬ አፉ በይኝ እላታለሁ። ግራ እጇ ደህና ነው፤ ባሌ ሲያጫውታት ታነሳዋለች፣ ወንድሜ ሲመጣ ጉንጩን ትዳብስበታለች። እኔን ግን ታየኛለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች። ጎረቤት ሁሉ «በሽታው ነው፣ አብሽሪ» እያለ ያጽናናኛል። እነሱ ያችን ዝምታ ከእኔ በላይ አያውቋትም። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ፊት ነው፤ በሽታ ይሁን ኩርፊያ ግን መለየት አቃተኝ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። የምትናገሪውን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታልም አለኝ።