የሳር ክዳኑ የወረደበት ዓመት

እናቴ ባረፈች በዓመቱ፣ ላሊበላ ከምሠራበት ሆቴል ፈቃድ ጠይቄ ወደ አገር ቤት ወጣሁ። ወንድሞቼ ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው አባቴ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ሐሳቤ ትንሽ ሰንብቼ ልመለስ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሊፈርስ ነው የሚለውን ወሬ ግን ገና ሻንጣዬን ከጀርባዬ ሳላወርድ ሰማሁት።

«አይፈርስም» አሉ አባቴ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ። «ክዳኑ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮ ሊለብስ ነው።»

አባቴ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነበሩ። መስቀሉም፣ ጽናውም፣ ከበሮውም፣ መጋረጃውም በእሳቸው እጅ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው አይወርድም። ያደከማቸው ግን ንዋየ ቅድሳቱ አልነበረም፤ ሳሩ ነበር። ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ድሮ ሳሩ ከሜዳው ታጭዶ ይመጣ ነበር። መንግሥት ተለውጦ መሬት እንደገና ሲደለደል ሜዳው ተቆርሶ ለአዳዲስ አባወራዎች ደረሰ፤ የቀረው ተራራም ተከለለ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በጋ በመጣ ቁጥር ከጎጥ ጎጥ እየዞሩ ሳር ይለምናሉ። ሰዉስ ከላሙ አፍ ነጥቆ ምን ይስጣቸው? ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ በገንቦና በባልዲ ሲቀበሉ ያነጋሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ናት። ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት የወይራና የጽድ ምሰሶዎች ከዕጣን ጭስና ከእጅ ብዛት ጠቁረው፣ ዘይት የተቀቡ ይመስላሉ። መሐል ላይ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ የውጭ ግድግዳው ዙሪያውን ሥዕል የተሣለበት ጨርቅ ተለጥፎበታል። ሴቶች በምንቆምበት በኩል እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችው እዚያ ፊት ለፊት ነው። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ያደግሁ ስለሆነ ከሥዕሉ ሁሉ አብልጬ የማውቀው ታችኛውን፣ የሰማያዊ ልብሷን ዘርፍ ነበር።

ሥራው ፋሲካ እንዳለፈ ተጀመረ። ወንዶቹ ቆርቆሮውን መኪና መንገድ ካለቀበት በትከሻቸው ተሸክመው አቀበቱን ወጡ። ነፋሱ ቆርቆሮውን እየያዘ ያንገዳግዳቸዋል፤ ማታ ትከሻቸው በቅቤ ይታሻል። ግድግዳውም አብሮ ይመረግ ስለ ተባለ፣ ለጭቃው ውሃ መቅዳት የሴቶች ድርሻ ሆነ። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። በጄሪካን ተሸክመን እንወጣለን፣ አፍስሰን እንወርዳለን። የሆቴል አንሶላ ማጠብ የለመደ ወገቤ ምን ይቻለው! ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት መበለት ግን ሲወጡም ሲወርዱም ከፊቴ ናቸው።

«እቴ፣ ከተማ አጥንትሽን አሟሟው እንዴ?» ይሉኛል ዞር ብለው።

ታቦቱ በዕልልታ ወጥቶ መቃኞ ገባ፤ ለጊዜው በጭራሮ የተሠራች ጎጆ ናት። በማግስቱ ሳሩ ወረደ። አቧራው፣ ጥላሸቱ፣ የወፍ ጎጆው አብሮ ሲወርድ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። አመሻሹ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷን ተላጭታ ሰማይ ሥር ቆመች። አባቴ ሥዕሉን የሚሸፍን ሸራ ከወረዳ ከተማ እንዲመጣ ልከው ነበር።

«ሸራውስ?» አሉ ለደብሩ አለቃ።

«ነገ ይደርሳል።»

«ሰማዩ ነገን የሚጠብቅ አይመስልም፣ አባ።»

አልጠበቀም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሸራው ሳይደርስ፣ ደመናው ከምሥራቅ በኩል ጠቁሮ መጣና በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደብን። አባቴ ጋቢያቸውን ገፈው ወደ ውስጥ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። «ግቡ!» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሴቶችም ግቡ! ጋቢ የያዘ ሁሉ ይግባ!»

ጄሪካናችንን ጥለን ገባን። የወንድ በር፣ የሴት በር ያለ የለም። ጋቢውን ግድግዳው ላይ ዘርግተን፣ በእጃችንና በግንባራችን ተጭነን መቅደሱን ከበብነው። ውሃው ከእጅ አንጓዬ ተነሥቶ በብብቴ ይወርዳል። አጠገቤ የቆሙት መበለት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «እመቤቴ፣ ብርዱን ለኔ አድርጊው፣ አንቺ ብቻ ቅሪልን» ይላሉ።

ሲያባራ ጋቢዎቹን አነሣን። ቀለሙ አብሮን ተነሣ። በየጋቢው ላይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ወጣ። ወደ ላይ የነበረው ብዙው ተርፏል፤ የእመቤታችንም ፊት፣ የልጇም እጅ አለ። ከጉልበቷ በታች ግን ባዶ ጨርቅ ነው። ዘርፉን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀለም ነው፤ ይቀባል» አሉ የደብሩ አለቃ።

«ማን ይቀባዋል?» አሉ አባቴ። ጋቢያቸውን ጨምቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወጡ።

መበለቲቱ ጋቢያቸውን አላጠቡትም። ከነቀለሙ አድርቀው አጠፉት። «መገነዣዬ ይሁን» አሉኝ። «ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣልኛል?»

ሥዕሉ የሚቀባው ሳያገኝ እንዳለ ቀረ። ቆርቆሮው ተመታ፣ ጉልላቱ ከነሰጎን እንቁላሉ ወደ ቦታው ወጣ፣ ታቦቱ ገባ። እኔም ልሂድ ልሂድ እያልኩ የአባቴን ቤት ጥዬ መውጣት አቃተኝና ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው የክረምት እሑድ ቅዳሴው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። የቄሱ ድምፅ ጠፋ። ዲያቆኑ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እናያለን እንጂ ምን እንዳለ የሚሰማ የለም። ፊት ያሉት ሲሰግዱ እኛም እያየን ሰገድን። ወጣቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እኔ አባቴን አየሁ። እንደ ወትሮው ባልዲ ይዘው ከጥግ ጥግ አይሉም። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው፣ ምሰሶውን ተደግፈው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ተኝተዋል። አንዱ ካህን ሊቀሰቅሳቸው እጁን ሲዘረጋ የደብሩ አለቃ ያዙት። እስኪያሳርጉ ድረስ ተኙ።

ወደ ቤት ስንወርድ፣ «አባባ፣ ተኝተው ነበርኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስንት ክረምት ሙሉ የውሃ ጠብታ ሳዳምጥ ኖርኩ፣ ልጄ። ዛሬ የማዳምጠው አጣሁ።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ቁልፉን ለሌላ ካህን አስረከቡ። መጀመሪያ የደብሩ አለቃና ካህናቱ እምቢ ብለዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «ደከመኝ» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልሰጡም፤ በመጨረሻ ተዉዋቸው። ወንድሞቼ ከቆላ ሲመለሱ እኔም ወደ ላሊበላ ወርጄ አንሶላዬን መለወጥና ማጠብ ቀጠልኩ። አባቴ ለገና ሲመጡ ሆቴሉ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸውና፣ አሁን ያለ ቁልፍ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉት ጠየቅኳቸው።

«ምዕመን ሆኛለሁ» አሉ። «እንደ ሰው ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ሲደክመኝም እቀመጣለሁ።»