አንዱ ጆሮ ለሰላምታ

ኢብቲሳም መኪና ውስጥ ማንበብ አይሆንላትም። ደብተር ከገለጠች ሲሪንቃ ከተማ ሳትደርስ ያጥወለውላታል። ስለዚህ ጠዋት ከመርሳ ወልድያ፣ ማታ ከወልድያ መርሳ ያለውን መንገድ በጆሮዋ ልታጠናበት ቆረጠች። ሌላ ጊዜ የላትም። ቀን ወልድያ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቤቷ ስትገባ ሥራ ይጠብቃታል፤ ሥራው ሲያልቅ መብራት ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ እንቅልፉ ይቀድማል።

አዋላጅ ነርስነት ተምራ ጨርሳለች። የመውጫ ፈተናውን ግን ለጥቂት ወደቀች። አብረዋት የተማሩት የሥራ ማመልከቻ ሊያስገቡ ዲግሪያቸውን ለማባዛት ሲመጡ፣ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስተካክላ ክዳኑን የምትዘጋው እሷ ናት።

"አንቺስ መቼ ነው?" ይሏታል።

"ኢንሻአላህ" ትላለች ፈገግ ብላ። ፈገግታው እስኪወጡ ድረስ ብቻ ነው። ድጋሚ ፈተናው ቀርቧል፤ አሁንም ከወደቀች የሰው ዲግሪ ስታባዛ የምታረጅ ይመስላታል።

አንድ መምህር እንግሊዝኛውን በአማርኛ እያፍታታ የቀዳው ትምህርት ስልኳ ውስጥ አለ። የቀራት የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር። "ብቻ" ያለችው ሳታውቅ ነው።

መጀመሪያ መናኸሪያው በር ላይ ባለ ገመዱን ኤርፎን ገዛች። በሂጃቧ ስር አሳልፋ በአገጯ በኩል አወጣችው። በሁለተኛው ቀን አጠገቧ የነበረ ሰው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ሲነሳ ገመዱ የዘንቢሉ ጆሮ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ የኢብቲሳም አንገት አብሮ ተነሳ።

"ውይ፣ አሰርኩሽ እንዴ?" አለ ሰውየው።

ከዚያ ወዲያ ግራው ጸጥ አለ። ቀኙም ገመዱን ቆንጥጠው ካልያዙለት አይናገርም።

ሮቤል ዘንድ ሄደች። ሮቤል ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ እጁ ቢያርፍ አፉ አያርፍም። "ትልቁን ውሰጂ፣ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚከድነውን" አላት።

ትልቁ ከሂጃብ በላይ ሲደረግ ይንሸራተታል፤ ድምፁም በግድግዳ እንደሚሰማ የጎረቤት ወሬ ነው። ከሂጃብ በታች ሲሆን ደግሞ ጭንቅላቷ ግራና ቀኝ አበጠ። የሚኒባሱ ሾፌር ጌትነት በመስተዋቱ አየና "ዛሬ አብራሪ ጭነናል፤ ቀበቷችሁን እሰሩ!" ብሎ ጮኸ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ኢብቲሳም ፊቷ ጋለ። አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የቀረውን መንገድ የጌትነት ዘፈን ወሰደው።

"ሮቤል፣ ይቅርታ… ይሄ አልሆነኝም።"

"ምነው?"

"ይታያል።"

"ድብቅ ነው የምፈልገው አትይም!" ገመድ አልባ፣ እንደ ምስማር እግር ያላቸውን ቀየረላት። እነሱ ደግሞ መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር አብረው ይዘላሉ። አንዱ ከሽንኩርት ጆንያዎች መሃል ገብቶ ተሳፋሪው ሁሉ አጎንብሶ ሲፈልግ፣ ከኋላ አንዷ "ምኗ ነው የጠፋው?" ብላ ጠየቀች። "ጆሮዋ ነው አሉ" አላት ሌላው። ሲገኝ የሽንኩርት ልጣጭ ለብሶ ነበር።

"ዕቃውስ ደህና ነው" አለ ሮቤል እየሳቀ፤ "ጆሮ የሌለሽ አንቺ ነሽ።"

ኢብቲሳም በሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ያን ዕለት ግን "ሮቤል! እኔ እኮ ለጌጥ አይደለም!" አለችና ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ። ሮቤል ቀልዱን ተወ። ከመሳቢያው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ሁለት ትንንሾችን አውጥቶ፣ ጫፋቸው ላይ የሚገባውን ጎማ እያቀያየረ በልኳ እስኪሆን አስሞከራት። ሦስተኛው ጎማ ጆሮዋ ውስጥ ቁጭ ሲል መንገዱ፣ ባጃጁ፣ የሮቤል አፍም ጭምር ጠፋ።

እነዚህ አይወድቁም። ከሂጃብ ስር አይታዩም። በማግስቱ የጌትነት ዘፈን ከተራራ ማዶ የሚመጣ መሰለ፤ የቀረው መምህሩ ብቻ ነበር። ኢብቲሳም ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ እሱ ያለውን በከንፈሯ እየደገመች ትሄድ ጀመር። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ አለች በልቧ።

ያላየችው ነገር ከጀርባዋ እየሆነ ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ ዓቢዳ ፓፓያቸውን ይዘው ወልድያ ለመሸጥ በዚያው መኪና ይሳፈራሉ። ገብተው "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ። መኪናው በሙሉ መለሰ፤ ኢብቲሳም አልመለሰችም። "ኢብቱዬ፣ ደህና አደርሽ?" አሉ ቀረብ ብለው። ዝም። ያቺ እግራቸውን አጥባ ያደገች ልጅ ሰላምታ ነፈገችኝ ብለው አልተቆጡም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ እንደሆነ የምታውቅ ልጅ ዝም ካለች ነገር አለ። ጎንበስ ብለው ፊቷን ሲያዩ ደግሞ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰው አትሰማም፤ ከማይታይ ጋር ታወራለች። እትዬ ዓቢዳ "አዑዙ ቢላህ" ብለው ፓፓያቸውን አቀፉ። ሦስት ጠዋት እንዲሁ አዩዋት። ከዚያ ወዲያ ማየት አላስፈለጋቸውም።

ሐሙስ ኢብቲሳም ለአንድ ምሽት የቤቱን ሥራ ትታ የመጨረሻውን ምዕራፍ ልትጀምር ቸኩላ ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ የጫማ ክምር አገኘች። ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ ገባች። ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤቱ ክብ ሠርቷል፤ ሼህ ሚስባህ ከጫቱ አጠገብ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። እናቷ ሁሪያ ዓይኗ ቀልቷል።

"እማ፣ ምን ሆናችኋል?"

"ሰማችኝ!" አለች ሁሪያ ደረቷን ይዛ። "ያ ረቢ፣ ሰማችኝ!"

"ነይ ልጄ፣ አብሽሪ" አሉ እትዬ ዓቢዳ። "ማነው የሚያናግርሽ? አትፍሪ፣ ንገሪን።"

"የት?"

"መኪና ውስጥ ነዋ!"

"መምህሩ ነው" አለች ኢብቲሳም፣ ሰው ሁሉ ሲያያት ድምፅዋ እያነሰ።

"መምህሩ እባላለሁ ብሏታል" አለች ከጥግ አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

ኢብቲሳም ማልቀስም መሳቅም አቃታት። እጇን በሂጃቧ ስር ሰድዳ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለውን ማዳመጫ ስታወጣ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሼህ ሚስባህ ብቻ ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

"ይችንማ የልጄ ልጅ አላት" አሉና ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ኢብቲሳም እሳቸው ሲስቁ ሁሉም ተነስቶ የሚሄድ መስሏት ነበር። ማንም አልተነሳም።

"ዱዓ ከተነሳ አይታጠፍም" አሉ ሼሁ። "ለፈተናዋ ይሁን!"

"አሚን!" አለ ቤቱ። ዱዓውም ለፈተናዋ እስከ ዒሻ ዘለቀ፤ ለፈተናዋ ልታጠናበት ያሰበችው ጊዜ ሁሉ ለፈተናዋ ሄደ። ሲነሱ ሼሁ "ሰላምታ ሐቅ ነው" አሏት። "አንዱን ጆሮሽን ለመምህሩ፣ አንዱን ለሰው።" ሼህ የወሰኑትን ኢብቲሳም እንዴት ትመልሰዋለች? "እሺ" አለች።

በማግስቱ አንዱን ብቻ አደረገች። በባዶው ጆሮዋ የጌትነት ዘፈን፣ የሰው ሰላምታ፣ የዶሮ ጩኸት ገባ። እትዬ ዓቢዳ ደግሞ መጥተው ጎኗ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። "ትርፏን አምጪያት እስቲ።"

በሻሻቸው ስር አደረገችላቸው።

"ወንድ ነው!" አሉ፣ መኪናው ሁሉ እስኪሰማ። "ስለ ምጥ የሚነግርሽ ወንድ ነው?"

"መምህር ነው፣ እትዬ። ቀስ ይበሉ።"

"ወልዶ ያውቃል?"

"እትዬ ዓቢዳ፣ ዘፈኑን ልዝጋውና እኛም እንስማ!" አለ ጌትነት።

"አንተ መንገድህን እይ! ቆይ፣ አሁን ምን አለ? ግማሹን በፈረንጅ አፍ ዋጠብኝ።"

ኢብቲሳም አቁማ ነገረቻቸው። መልሳ አስጀመረች። ደግሞ "ቆይ" አሉ። ወልድያ ሲደርሱ እትዬ ዓቢዳ ኤርፎኗን በሻሻቸው ጠርገው መለሱላትና "ነገ ያለ እኔ እንዳታሳልፊው" አሏት። ስልኳን አየች፤ ትምህርቱ ከተነሳበት እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ጥርሷን ነክሳ "እሺ" አለች።

ሥራ ገብታ ማሽኑን አበራች። አንዱ ኤርፎን ሳታስበው ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ንዴቷ ገና ስላልበረደ መምህሩን ካቆመበት አስነሳችው። የዲግሪ ወረቀት የያዘ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለ።

ሰማችው። ሁለቱም ጆሮዎቿ ቢደፈኑ ኖሮ አትሰማውም ነበር፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ለጥናት መንገዱን እንጂ የሥራ ቀኑን ያላሰበችው፤ በአንድ ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ እየሠራች ማጥናት ትችላለች።

"ወዐለይኩሙ ሰላም" ብላ ወረቀቱን ተቀበለች። ክዳኑን ዘጋች። የማሽኑ መብራት በወጣቱ ስም ስር እየተሳበ ሲያልፍ ከንፈሯ መምህሩ ያለውን ይደግም ነበር።