አባቴ ያላለው

ልጅ ሳለሁ የአባቴን የመጨረሻ ቃል የማያውቅ ጎረቤት አልነበረንም። ጥልያን ገበያ መሀል ሲሰቅለው እኔ እናቴ ጀርባ ላይ የታዘልሁ ጨቅላ ነበርሁ፤ ስለዚህ አባቴን የማውቀው በወሬ ነው። ወሬው ደግሞ የሚነገረው ከጎንደር ዳር፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ በአባቴ ታላቅ ወንድም በአያ ጥሩነህ ቤት ነበር።

ያኔ ጥልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ክረምት ሲገባ፣ የረጠበው እንጨት ጭሱ ዓይናችንን እያስነባ፣ ኩራዙ ጥግ ላይ እየተንጨረጨረ፣ ጎረቤቱ ፍሙን ከቦ ይቀመጥና አያ ጥሩነህ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጀመሪያ የጅቡንና የአህያውን ተረት ያወራል፤ ከዚያ «እስቲ ደግሞ የወንድሜን ላውጋችሁ» ይላል። እሱ ያን ቀን በረሃ ነበር፤ በዓይኑ አላየም። ሲያወራው ግን ገመዱን በእጁ የነካ ይመስል ነበር። ወሬው ገመዱ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ይቀበለዋል፦

«ገመዱን አጥብቀው፣ አልለምንም እኔ፣
አንገት እንጂ መቼ ይታነቃል ወኔ።»

ሸጋ ግጥም ነው፣ አልዋሽም። ግን አባቴ አላለውም። ጥልያን ሳለ ለተሰቀለ ሰው ማልቀስ ስለማይቻል ለቅሶው የተቀመጠው አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ነበር፤ ያን ቀን አልቃሿ እቴ የሺ ደረቷን እየደቃች፣ እንደ ሙሾ ወጉ፣ በሟቹ አንደበት ያወረደችው ነው። አልቃሽ «እኔ» ስትል ሟቹን ሆና መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያውቅ ነበር እንጂ፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ሙሾነቱ ተረሳና ቃሉ የአባቴ ሆነ። ይባስ ብሎ እቴ የሺ ራሷ ፍሙ ዳር ተቀምጣ «አዎ፣ እንዲህ ነበር ያለ» እያለች ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ምን ይባላል።

እናቴ ግን ቤታችን ስንገባ ሌላ ትነግረኝ ነበር። ማለዳ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ወታደሮቹ እየጎተቱ ሲያሳልፉት ሕዝቡ መሀል ያያታል። «ልጂቱ በርዷታል፣ ሸፍኛት» አላት። በቃ። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። አባቴ በዚህ ዓለም ስለ እኔ ተናገረ የተባለው ያን ብቻ ነው፤ እሳሳለት ነበር።

አንድ ምሽት አላስችል አለኝ። ቤቱ ግጥሙን ሲቀበል «አባቴ እንዲህ አላለም» አልሁ። አያ ጥሩነህ አልተቆጣም። ሳቅ ብሎ፣ «ምነው ልጄ፣ አንቺ ያኔ የታዘልሽ አልነበርሽም?» አለና ወደ እናቴ ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪን። አላለም?»

እናቴ ፍሙን ትቆሰቁስ ነበር። ቤቱ ሁሉ ያያታል። ማሳችንን የሚያርስልን፣ ክረምቱን የሚያሳልፈን አያ ጥሩነህ ነው።

«ብሏል» አለች።

ወደ ቤት ስንሄድ ትቻት ቀደምሁ። በር ላይ ስንደርስ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ አገር የያዘውን እኔ ብቻዬን ላስለቅቅ?» አለችኝ። ድምፅዋ የደከመ ነበር። እኔ ግን ያን ምሽት ጠላኋት። ዛሬ እሷ የደረሰችበት ዕድሜ ላይ ደርሼ አልፈርድባትም፤ ማንም የማያምንሽን ነገር ብቻሽን ይዘሽ መኖር ያደክማል።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ነጎደ። ግጥሙን ተማሪ ዘመረው፣ የጭነት ማኪና ግንባር ላይም ተጽፎ አየሁት። እናቴም ስታረጅ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷው ትለው ጀመር፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ። አንድ ቀን እግሯን ሳጥባት፣ «እማ፣ ልጂቱ በርዷታል አለ ያልሽኝስ?» አልኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የምን ብርድ?» አለች።

ውሃውን ደፍቼ ደጅ ትንሽ ቆየሁ።

እሷ ከሞተች ወዲህ ሌላም ነገር ያስጨንቀኛል። ምናልባት አባት ለሌላት ልጅ አዝና ያን ቃል ራሷ ፈጥራው ይሆን እላለሁ። የምጠይቀው ሰው የለም፤ እነ አያ ጥሩነህም አፈር ሆነዋል። ለልጆቼ ሁለቱንም ነገርኋቸው። ግጥሙን በቃላቸው ያዙት።