አስናቀች ያልፈረመችው ሪፖርት

አስናቀችን ግትር ናት ይሏታል። ውሸት ነው! አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ከሂሳብ በቀር በምንም ተከራክራ አታውቅም። ወላይታ ሶዶ፣ ስሙን በማልጠራው ትንሽ ባንክ፣ ሰው ሁሉ ገንዘቤን ስጡኝ ቢል ስንት በእጃችን አለ የሚለውን ሪፖርት በየሳምንቱ የምታወጣው እሷ ነበረች።

በ1998 ነሐሴ ላይ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሚልክያስ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ሌሎች ባንኮች ዘንድ አሥራ ሁለት ሚሊዮን እያለን ሦስት ትያለሽ?»

«እነሱም እኛ ዘንድ ዘጠኝ ሚሊዮን አላቸው። ሲቀነስ የተጣራው ሦስት ነው።»

«የነሱን ተይው፣ አሁን አይጠይቁንም። አሥራ ሁለት በይና ፈርሚ።»

«ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ከነአሬራው ይመዘናል እንዴ? አልፈርምም» አለችው።

በሳምንቱ ገጠር፣ ቦምቤ ቅርንጫፍ ወረወሯት። ዕድገት ነው ተባለ። ዕድገት! ገንዘብ ተቀባይ አድርገው! ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። «ሩትዬ፣ አንቺ እንኳ የልጆች እናት ነሽ» አለኝ አቶ ሚልክያስ፣ እየሳቀ። እንጀራዬን ፈራሁና ፈረምኩ። ወይ ነዶ!

አሥራ ሁለት አለን ተብሎ ስምንቱ ለአንድ ነጋዴ በብድር ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ይኼ ነው። መስከረም ሲገባ ባንኮቹ ዘጠኝ ሚሊዮናቸውን ጠየቁ፤ ያለንን ሁሉ ጠራርገን ሰጠናቸው፣ ያም አልበቃ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በጋራ ለሚያርደው በሬ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመው ሕዝብ ደጃችን ላይ ተሰለፈ። አቶ ሚልክያስ የት ነበር? ሐዋሳ ስብሰባ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ኑ» እላለሁ። ኔትወርክ! የምንሠራው በደብተር ነው እኮ።

ከሰልፉ አንዲት እናት ቀረቡ። የአስናቀች እናት ናቸው፣ እማማ ዓመለወርቅ። የቁጠባ ደብተራቸውን በመስኮቱ አሾለኩልኝ። የአራት ጎረቤት የበሬ ገንዘብ ነው።

«የለም እማማ» አልኳቸው። እሳቸውን መዋሸት አቃተኝ።

«እንዴት ይጠፋል? አስናቀች ቦምቤ ስትሄድ ላውጣው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። የመሥሪያ ቤት ምስጢር አላወራም፣ አሁን የምትፈርመው ሩት ናት፣ እሷን ጠይቂ አለችኝ።»

«ታዲያ ምነው መጥተው ሳይጠይቁኝ?»

«ሩት ከፈረመች ምን እጠይቃለሁ ልጄ?» አሉ።