ሳይሰክን የተቀዳ ቡና

ዛሬ ሰመራ ውስጥ ከጎረቤቴ ክፍል የቡና ሽታ ሲመጣ አዋሽ ያለው ቤታችን ታወሰኝ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሞተ ወዲህ እናቴ ቡና ትታ፣ ምግብም እየቀነሰች ነበር። እሷንም እንዳላጣት ፈራሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔው አፈላሁ። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳርፌ እስኪሰክን መጠበቅ ሲገባኝ ቸኩዬ ቀዳሁት። እናቴ ፉት ብላ ፊቷን አጨማደደች።

“አንተም እንደ ሰይድ አተላውን ልታበላኝ ነው?” አለችኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲኒውን ግን አልመለሰችም።

“ሁለተኛውን ታገስና ቅዳው፣ የኔ ልጅ። እሱስ፣ አላህ ይዘንለት፣ ታግሶ አያውቅም” ብላ ሳቀች። ትንፋሼ ተመለሰ።

አሁንም ስደውልላት መጀመሪያ የምጠይቃት ቡና መጠጣቷን ነው። “ጠጥቻለሁ” ስትለኝ ሌላውን ወሬ ረጋ ብዬ እሰማለሁ።