ቮልሷና የወንበር ቅያሬያችን

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራው የራሱን መኪና መፈለግ ሆነ። «አሁንስ ማረፍ አይሻልህም?» አልኩት። «እያረፍኩ ነው የምነዳው» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ከትዳራችን በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀለሟ ሰማያዊ ይሁን ግራጫ የማይለይ አንዲት አሮጌ ቮልስ በጭነት መኪና ተጭና መጣችና ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ቤታችን በር ላይ ተራገፈች። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔም ወጥቼ አየሁና ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ለባሌ ከስድብ ይብሰዋል።

ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ወጥሮ ሆዷን ሲዘረግፍ ከረመ። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት መሆኑን ያየ እንግዳ ሁሉ «ይህችስ ተገልብጣ ነው የተሠራችው» እያለ ይስቅ ነበር። ለመስቀል ሰሞን ተነሣች። ድምፅዋ እንደ ወፍጮ ነው፤ ገና ሳትታይ ትሰማለች። «ግቢ» አለኝ፤ ገባሁ። ያን ቀን ወደ ጨጨሆ ወሰደኝ።

እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ የሸበትኩ ሰው ነኝ። ጨጨሆን ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ያለፍኩት ግን ሁልጊዜ በአውቶቡስ፣ ዘንቢል አቅፌ፣ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለስብሰባ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና። ለማየት ብቻ ብዬ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ባሌ መኪናውን ከአፋፉ ራቅ አድርጎ አቆመና «በይ እይ» አለኝ። ከሥራችን ገደሉ ቁልቁል ወርዶ ማሳው እስከ ሩቅ ተዘርግቷል፤ ጭስ የሚጤስባቸው ቤቶች አንድ እጅ ቆሎ የተበተነ ይመስላሉ። ከፔርሙዝ ሻይ ቀድተን ጠጣን፣ ዳቦ ቆርሰን በላን። ስንመለስ «ለምን ነበር የሄድነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለምንም» አለኝ። ለምንም መሄድ እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ እግዚአብሔርንም እሱንም አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሰላም በሆነበት እሑድ ሁሉ መውጣት ጀመርን። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ ቮልሷን ግቢ ውስጥ እናስነሣና ውስጧ ተቀምጠን ሬዲዮ ሰምተን እንወርዳለን፤ ልጆቻችን ስልክ ሲደውሉ «መኪና ውስጥ ነን» ስንላቸው የት እየሄድን እንደሆነ ይጠይቁናል። መንገዱ ሲከፈት አንዱን ሳምንት ወደ እስቴ፣ ሌላውን ወደ አርብ ገበያ እንሄዳለን። ባቄላው ሲያብብ መስኮቱን ከፍተን ሽታውን እየማግን ነው የምንጓዘው። ዳገት ላይ አህያ የጫነ ገበሬ ሲቀድመን እኔ እበሳጫለሁ። እሱ «ከመሞት መሰንበት» እያለ ያዘግማል።

ባሌ በሄድንበት ሁሉ ይታወቃል። ሐኪምም፣ መምህርም፣ ክትባትም፣ የተማሪ መጽሐፍም አመላልሷል፤ ምጥ የያዛት ሴት ከመንገድ አንሥቶ ያደረሰበትን ጊዜ እስከ ዛሬ ያስታውሱለታል። ስሙን ግን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም እሱ «ሹፌሩ» ነው። መሪ ይዞ ከተማ ሲገባ ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ቀና ይላል። እኔም በዚህ እስቅበት ነበር።

ዐይኑ መድከሙን መጀመሪያ የነገረን የቤታችን ብርጭቆ ነው። ከጎኑ ያስቀመጥኩትን ሁሉ ይደፋል፤ የበር መቃን ይገጨዋል። እኔ ደግሞ አፌ ይቀድመኛልና «ምን ነካህ?» እያልኩ እቆጣለሁ። በኋላ ባሕር ዳር ሄደን ሲመረመር የዐይን ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል አስረዳን። ፊት ለፊቱን ያያል፤ ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ግን የለም። «መሪ መያዝ ይቅርብዎ» አለው። ባሌ «እሺ» አለ። እንዲህ ቶሎ እሺ ሲል አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመና «ለማንም አትንገሪ» አለኝ።

«ለልጆቹም?»

«ለማንም።»

ያን ሰሞን ቮልሷ ላስቲክ ለብሳ ቆመች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳ ለግድግዳ እየተያየን መዋል ሆነ። ሀዘኑ ከበሽታው እኩል ከበደኝ። አንድ ጠዋት «አስተምረኝ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ኳስ ሜዳው ላይ አወጣኝ። ስንት ትውልድ ያስተማርኩ ሴትዮ በፍሬንና በፍሪሲዮን መሐል እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተደናበርኩ። እሱ ሲያስተምር አይቆጣም። እኔ ግን ስማር እቆጣለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ቤቴ ገብቻለሁ። እንደ ምንም ብዬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ጎረቤቶቼ «ዕድሜ ደጉ» እያሉ ሲስቁ «ለጨዋታ ነው» እንላቸዋለን።

መንገዳችን እንደገና ተጀመረ፤ አንድ ነገር ግን ተጨመረበት። ገጠሩን እኔ እነዳለሁ። ከተማ መግቢያ ስንደርስ ባሌ «እዚህ ጋ ያዢው» ይላል፤ አቆማለሁ፤ ወርደን በመኪናዋ ዙሪያ እንተላለፍና ወንበር እንቀያየራለን። እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ «አህያ በቀኝ፣ ባጃጅ በግራ፣ ቁም፣ አሁን ሂድ» እያልኩ እንገባለን። እሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ይላል፤ ማንን ሰላም እንዳለ እኔ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ አሳቀኝ። ሲውል ሲያድር እንቅልፍ ነሣኝ።

አንድ አርብ ማር ልንገዛ አርብ ገበያ ሄድን። ገበያው ሞልቶ መንገዱ የሰውና የአህያ ነው። እኔ በቀኝ በኩል ያለችውን ሴትዮ ሳይ በግራ አንድ ሽማግሌ ገብስ የጫነች አህያቸውን እየነዱ መጡና የመኪናዋ ጎን ጭነቱን ላጠው። ጆንያው ተቀደደ፣ ገብሱ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ባሌ ወርዶ ተንበርክኮ አብሯቸው ለቀመ። ሽማግሌው «ተዉ ጌታዬ፣ ጥፋተኛዋ የኔዋ አህያ ናት» ይሉታል። እሱ በእጁ ዳበሳ ገብስ ሲፈልግ እያየሁ እንባዬ መጣ።

ስንመለስ መሪውን ይዤ «ዛሬ የፈሰሰው ገብስ ነው» አልኩት። «ነገ ደም ቢሆንስ?»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና መለሰልኝ። «ሚስቴ እየነዳችልኝ ከተማ ከገባሁ፣ ሹፌሩ ሞተ ማለት ነው።»

ሰው የሚኖርበት ስሙ አይነጠቅም። እንዲነዳ መተው ደግሞ አልችልም። በመስከረም ማርያም ወገዳ ያለችው እኅቴ ጸበል ጻድቅ ደግሳ ስትጠራን ከቤት ሳንወጣ «ዛሬ ወንበር አንቀያየርም» አልኩት። «እስኪ እንድረስና እናያለን» አለኝ። እኔም እሱም ልባችን እንደ ዳመነ ተነሣን።

የስማዳ መንገድ ክረምት የበላው ነበር። ወገዳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ ድልድይ ጎርፍ ወስዶት፣ መኪኖች በማሳው ዳር ሌላ መንገድ አውጥተዋል። አፈሩ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። ገና ከመግባቴ ቮልሷ የፊት እግሮቿን ሰክታ ቀረች። ነዳጅ ስሰጥ የኋላ ጎማዋ ጭቃ እየረጨ ይባስ ሰመጠ። አጥፍቼ ወረድኩ፤ ባሌም ወረደ። ከመንገዱ ማዶ መስክ ላይ የሰቡ በሬዎች ይግጣሉ፤ አጠገባቸው አንድ ገበሬ ነጠላውን አጣፍቶ ቁጭ ብሏል።

«ወንድሜ፣ በሬዎችህን ጠምደህ ብታወጣን» አልኩት።

ሰውየው ከእኔ በላይ እሱ አፈረልኝ። «እትዬ፣ ዛሬኮ ማርያም ናት። እንዴት አድርጌ በሬ እጠምዳለሁ?»

ባሌ «ንፋስ መውጫ ስትኖር በዓሉ የጠፋት ይመስላል» ብሎ አሾፈብኝ። አልጠፋኝም፤ የቸገረው ሰው የማይጠየቀውን ይጠይቃል። ወዲያው ከዳገቱ ላይ ቅዳሴ ያለቀለት ሕዝብ ይወርድ ጀመር። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሷል። ከፊት የሚመጡት ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቮልሷን ዞረው ካዩ በኋላ ገበሬውን ጠየቁት፣ እሱም የእኔን ጥያቄ ነገራቸው። ሳቅ አሉ።

«በሬዎቹ በዓላቸው ነው» አሉ። «እኛ ግን እጅ አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ገመድ አምጡ።»

ከየቤቱ የጭነት ገመድና ጠፍር መጣ። ከቮልሷ ከፊት ከሥር ካለው ብረት ጋር አሰሩት። ወንዱም ሴቱም ነጠላውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በገመዱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ከኋላ እንዳይገፉ ጭቃው አላስጠጋቸውም። ቄሰ ገበዙ ወደ ባሌ ዞረው «ጌታው፣ እርስዎ ገብተው መሪውን ይያዙልን፤ እመቤቲቱ ዞር ብለው ይቁሙ» አሉት። ማን ይዟት እንደመጣ ያየ አልነበረም። ወንድና ሴት አንድ መኪና አጠገብ ከቆሙ ሹፌሩ ማን እንደሆነ አይጠየቅም።

ባሌ በሩን ከፍቶ ገባ። መሪውን ጨበጠ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው «እንዴ፣ ሹፌሩ አይደሉም እንዴ!» ብሎ ለጎረቤቱ ሲናገር ሰማሁ። የባሌ ትከሻ ሰፋ አለ።

እኔ ገመዱን አየሁ። መኪናዋ ከጭቃው ስትላቀቅ በድንገት ነው የምትወጣው፤ ያን ጊዜ ቶሎ ፍሬን ካልተያዘ የምትሄደው ሰዎቹ ላይ ነው። ከሰዎቹ ደግሞ ባሌ አንዳቸውንም አያይም፤ የቆሙት ግራና ቀኝ ነው። ልናገር ብል በሚያውቀው ሕዝብ ፊት ላዋርደው ነው። ዝም ብል ሰው ሊጎዳ ነው። ዳር ቆሜ በእጄ እንዳልጠቅሰው እሱ አያየኝም። ስለዚህ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄጄ በሁለቱ የሰው ረድፍ መሐል፣ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆምኩ።

ቄሰ ገበዙ «ዞር ይበሉ እንጂ እመቤቴ» አሉኝ። አልተነቃነቅሁም።

ባሌ በፊት መስታወቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ አጠፋው። በሩን ከፍቶ ወረደና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ» አላቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ ዐይኔ ደክሟል። ከዚያ ላይ ሆኜ የምትታየኝ ፊት ለፊቴ የቆመችው ሚስቴ ብቻ ናት። እናንተ አትታዩኝም። እዚህ ድረስ የነዳችው እሷ ናት፤ የምታወጣውም እሷ ናት።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት፤ «እግዚአብሔር ያበርታዎ» አሉት። ከዚያ ከገመዱ ላይ አንድ ሰው ጠጋ አስደረጉና «እንግዲያው እርስዎ ገመድ ይያዙ፤ ክንድዎ አልደከመም» አሉ። ባሌ እጅጌውን ሰብስቦ ከሰዎቹ መሐል ገባና ገመዱን ያዘ።

ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከፊቴ አገር ምድሩ ተሰልፏል፤ ከመካከሉ የኔ ሰው አለ። «በሁለተኛ ማርሽ» አለኝ ከዚያው ሆኖ፣ ኳስ ሜዳው ላይ በሚናገርበት ድምፅ። «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። አትቸኩዪ፤ አለን።» ሰዎቹ ሳቡ። ቮልሷ አቃሰተች፣ ተንገዳገደች፣ ዘልላ ወጣች። በሙሉ ኃይሌ ፍሬን ረገጥኩ፤ ቆመች። ማንንም አልነካሁም። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ ለማርያም ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለሁለታችንም ይሆናል። ያ በዓል ለብሶ የወጣ ሕዝብ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይሥቅ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ እጄን ሳመችኝ። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ባገኛቸው እግራቸውን አጥቤ አልጠግብም።

ባሌ ጭቃውን እያራገፈ ከጎኔ ተቀመጠ። ሰዎቹ መንገዱን ለቀቁልን፤ ባሌ በመስኮቱ በኩል ለሁሉም እጅ ነሣ። ጥቂት እንደሄድን የወገዳ የመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮ ቤቶች ታዩኝ። ሳላስበው እግሬ ፍሬን ላይ አረፈ።

«ከተማ ደረስን?» አለኝ።

«ደርሰናል።»

«ታዲያ ምን ያቆምሻል? ንጂ እንጂ።»

ማርሽ አስገባሁ። መስኮቱን እስከ ታች ከፈተና ክንዱን አሳረፈበት። ከመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ያየናል፤ አንዱ «ሹፌሩ፣ ዛሬ ምነው?» ብሎ ጮኸ። ባሌ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና «ሹፌሯ እሷ ናት፣ እሷን ሰላም በል» አለው። እኔ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት የመጣው እንባ ነው፤ በእጄ ጀርባ ብጠርገውም አልቆም አለ። መንገዱ፣ ባጃጁ፣ ሰዉ ተደባለቀብኝ። ባሌ ስነፋረቅ ሰምቶ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ቀስ በይ» አለኝ። «ሁለታችንም ካላየን ማን ሊነዳ ነው?»